የሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት

"እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፣ ሲስተሙ ነው" አለ ሙስአብ።

ከደሴ የመጡት የመጋረጃ ነጋዴ እስካሁን ታግሰዋል። በስክሪኑ ላይ የጨርቁ ፎቶ ከላይ ጀምሮ እስከ መሀል ወርዶ ቆሟል። ወርቃማ አበባ ያለው ጨርቅ ነው፤ አበባው ግን ግማሽ ነው። ሙስአብ በመጋረጃ ሻጭነቱ ምላሱ የተመሰከረለት ሰው ነው፣ ለግማሽ አበባ ግን ምላሱም አልረዳውም። ሴትየዋ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር ከተቱና "ሙሉው ሲመጣ ትጠራኛለህ" ብለው ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ተሻገሩ።

ከባንኮኒው ሥር ኬብል ይዛ የተንበረከከችው ዱንያ የሴትየዋን ጫማ እስከ ደጁ ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ደስ አላት። ሊጠግን የመጣ ሰው ብልሽቱን አይቶ የሚደሰተው ቂም ሲኖረው ነው፤ ዱንያ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ የቀለበችው ቂም ነበራት።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለችው፣ ጉልበቷን እያራገፈች ተነሥታ።

"ጠዋት ጠዋት። ከረመዳን ወዲህ ሱቅ ከፍተን ደንበኛ መግባት ሲጀምር ይሞታል። ፉርቃን ኬብል አስቀየረ፣ የመስመር ማከፋፈያውን ስዊች አስቀየረ፣ ባለሙያ በየተራ አመጣ። ከሰዓት መጥተው ሲያዩት ይበራል። 'ምንም አልሆነም' ብለው ይሄዳሉ። በነጋታው ያው ነው።"

"ለምን ጠዋት አይመጡም?"

"ጠዋት ባለሙያ የት ይገኛል ብለሽ ነው?"

ዱንያ ፈገግ አለች። እሷም ጠዋት የመጣችው ከሌሎቹ በልጣ አልነበረም። ቂም የያዘችበት ፉርቃን በደንበኛ ፊት ሲያልበው ለማየት ፈልጋ ነው።

ሱቁ መርካቶ፣ ከዱባይ ተራ ጀርባ በሚገኝ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ሐጂ ባህረዲን መጋረጃ ጨርቅ ከውጭ ያስመጣሉ፤ ጨርቁ መጋዘን ይቀመጣል፣ ይህም ሆነ ላይ ያለው ሱቃቸው ጠባብ ስለሆነ ደንበኛው የሚመርጠው ከፎቶ ነው። ፎቶዎቹም፣ የጉምሩክ ሰነዶቹም አራተኛ ፎቅ ቢሮ ውስጥ ባለች አንዲት ጥቁር ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። ሁሉም ሰርቨር ይሏታል፣ ሁሉም ኮምፒውተር ከእሷ ይቀዳል። እሷ ከቆመች ሱቁ ዲዳ ነው።

ያችን ሳጥን የተከለቻት፣ ፎቶዎቹንም በየዓይነታቸው የደረደረችው ዱንያ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ገና ከወደብ ያልተነሣ ጨርቅ ፎቶ በሌላ ነጋዴ ስልክ ላይ ተገኘ። ከሰርቨሩ በማን ስም እንደወጣ ሲታይ በዱንያ ስም ሆነ። በዚያው ሳምንት የሐጂ የእህት ልጅ፣ የቢሮው ኃላፊ ፉርቃን፣ "ቸኩያለሁ፣ የኔ አልከፍት አለኝ" ብሎ ፓስወርዷን ተቀብሏት ነበር። ይህን ብትናገር የሰማት የለም። ልትምል ስትል ሐጂ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ "መሐላ አያስፈልግም ልጄ፣ ስምሽ ካለበት አንቺ ነሽ" ብለው አሰናበቷት። ፉርቃን ቆሞ ሰማ፣ ምንም አላለም። ስትወጣ በሩን የከፈተላት እሱ ነበር፣ በትሕትና።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈሯ ሰባተኛ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ መርካቶ ውስጥ ስሟ "ፎቶ የሸጠችው ልጅ" ሆነ። ኮልፌ አንድ ኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ የተሰበረ የስልክ ስክሪን ስትቀይር ከረመች። ይሁን፣ ሥራ ሥራ ነው። ያንገበገባት ሌላ ነው። አባቷና ሐጂ ባህረዲን ለብዙ ዘመን አንድ መስጊድ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመው ጁምዓ የሰገዱ ሰዎች ናቸው። አባቷ ሐጂን ላለማየት መስጊዳቸውን ቀየሩ። ዕድሜያቸው ገፍቶ ሁለት ታክሲ እየያዙ ነው አሁን የሚሄዱት። ዱንያ አርብ በመጣ ቁጥር አባቷ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ታያለች፣ ፉርቃንንም ታስታውሳለች።

ስለዚህ ሐጂ ራሳቸው ደውለው "ሁሉም አቃተው፣ መጥተሽ እይልኝ" ሲሏት እሺ ለማለት አላመነታችም።

አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ሰዓደት ከወንበሯ ተነሥታ አቀፈቻት። ሰዓደት የጉምሩክ ሰነድ አዘጋጅታ ሰርቨሩ ውስጥ የምታስገባው ጸሐፊ ናት። ባሏ ጅዳ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ሁለት ልጆች በዚህ ደመወዝ ታሳድጋለች። ዱንያ የተባረረች ዕለት፣ ከዚህ ሁሉ ሠራተኛ መሀል ደውላ ያለቀሰችላት እሷ ብቻ ነበረች።

"ፉርቃንስ?" አለች ዱንያ።

"መንገድ ላይ ነው። አንቺ እንደምትመጪ አልነገሩትም።"

"ጥሩ።"

ሥራ ጀመረች። ፉርቃን ጥፋቱን ኢንተርኔት ላይ ሲያላክክ ስለከረመ መጀመሪያ የኢንተርኔቱን መስመር ነቀለች። ፎቶው ያው ተንፏቀቀ። ስለዚህ ችግሩ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። ቀጥላ የራሷን ላፕቶፕ በራሷ ኬብል ከሳጥኗ ጋር በቀጥታ አገናኘችው። አሁንም ተንፏቀቀ። እንግዲህ ኬብሉም ስዊቹም በከንቱ ነው የተቀየሩት። ጎንበስ ብላ ሳጥኗን አየቻት። መብራቷ ያለ ዕረፍት ይርገበገባል።

"ይቺ ሥራ በዝቶባት ነው" አለች። "አንድ ሰው የሆነ ነገር አዟታል።"

ሐጂ የሰጧትን ዋና ፓስወርድ አስገብታ ሳጥኗ የምትሠራውን ዝርዝር ከፈተች። ብዙ አልፈለገችም። ባክአፕ፤ በየቀኑ፤ ሁሉንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ፤ የሚጀምርበት ሰዓት ዘጠኝ። ያዘዘው ሰው ስም፣ ፉርቃን።

"ሰዓደት፣ ይሄ ባክአፕ መቼ ነው የገባው?"

ሰዓደት መነጽሯን አስተካክላ ተጠጋች። "እሱማ በረመዳን ነው። ጎረቤት ቢሮ ኮምፒውተር ተቃጥሎ ፋይላቸው ሁሉ ሲጠፋ ሐጂ ፈርተው ቅጂ ይቀመጥ አሉ። ፉርቃን ሐዋሳ ነበር። ደውሎ 'በኔ ስም ግቢና ሁሉም ነገር በየቀኑ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲገለበጥ አድርጊው' አለኝ። ዘጠኝ ብዬ አስገባሁት። ምነው፣ አይሠራም?"

"ይሠራል። በጣም ይሠራል።"

"ታዲያ?"

"የሳጥኗ ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ ሰዓደት።"

ሰዓደት የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሦስት ሰዓት አልፏል። በጣቷ ቆጠረች፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ እጇ ወደ አፏ ሄደ። የፈረንጁ ዘጠኝ የኛ የጠዋቱ ሦስት ነው። ለሌሊት ዘጠኝ ማስገባት የነበረባት ሦስት ነበር። ሳጥኗ የታዘዘችውን ታደርጋለች፤ በየማለዳው፣ የሱቆቹ መዝጊያ ሲነሣ፣ ደንበኛ ከየክፍለ ሀገሩ ሲጎርፍ ጠብቃ ያን ሁሉ ፎቶ መገልበጥ ትጀምራለች፤ የምትጨርሰው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ባለሙያዎቹ ደግሞ ምሳቸውን በልተው ሲመጡ ሥራዋን ጨርሳ ያገኟታል።

"አላህ" አለች ሰዓደት። "ይሄ ሁሉ ደንበኛ በኔ ምክንያት ነው የሄደው?"

ዱንያ እጇን ወደ ቁልፎቹ ዘረጋች። አንዲት ቁጥር ቀይሮ መነሣት ነው። ከዚያ ዓይኗ ስሙ ላይ አረፈ። ፉርቃን። እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመኛል ብላ በሕልሟም አላሰበችም ነበር። ይህን ሁለት ዓመት ያሰበችው ስድብ ነበር፣ አንዳንዴም ጥፊ። ይህ ግን ከስድብም ከጥፊም በለጠባት።

"ሰዓደት፣ ዛሬ ምንም አልነገርሽኝም።"

"ምኑን?"

"አንቺ አላስገባሽም። ስሙ የማን ነው?"

"የሱ ነው፣ ግን ዱንያ..."

"ግን የለም። እውነቱን ብትናገሪ ማን ነው የሚባረረው? እሱ ነው? አንቺ ነሽ። እኔን አይተሻል።"

ሰዓደት በሩን አየች። "ሐጂ ቢጠይቁኝስ?"

"አላውቅም በይ።"

"አላውቅም እላለሁ። ወላሂ በይ ካሉኝ ግን አልችልም። አልዋሽሽም፣ እሱን አልችልም።"

"አይሉሽም። እሱን ለኔ ተዪው።"

ይህን ስትል ጓደኛዋን ለማዳን ነው ብላ ለራሷ ነገረች። ትንሽ እውነት አለው። የቀረው ግን በቀል ነው፤ ደግሞም ጣፋጭ ነበር፣ ምራቋን እስክትውጥ ድረስ።

ፉርቃን የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ገባ። ዱንያን ሲያይ ቁልፉ ቆመ።

"ዱንያ። እንዴት ነሽ?" አለ፣ ፈገግታውን ፈልጎ አግኝቶ። "አጎቴ ሰው አጥቶ ነው?"

"አንተ ያመጣሃቸው ሰዎች አልቀው ነው።"

"ባትደክሚ ነው የሚሻለው። ዕቃው አርጅቷል። አዲስ ሰርቨር ይገዛል፣ ያልቃል።"

"አዲስ አያስፈልግም። ሐጂ ዘንድ እንግባ፣ እዚያ እነግርሃለሁ። ሰዓደት፣ አንቺም ነይ።"

ሐጂ ባህረዲን ከጠረጴዛቸው ጀርባ የሙስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ሦስቱም ፊታቸው ቆሙ። ዱንያ ነገሩን ቀስ ብላ፣ የፈረንጁን ሰዓት ከኛ ሰዓት እያስተያየች አስረዳቻቸው። ሐጂ ቶሎ ገባቸው። ከውጭ አገር ላኪዎች ጋር ሲነጋገሩ በዚህ ሰዓት ጉዳይ ስንቴ ተቃጥለዋል።

"ታዲያ ይሄን ማነው ያደረገው?" አሉ።

"ያዘዘው ስም የፉርቃን ነው።"

ፉርቃን ሳቀ። "እኔ? እኔ ሐዋሳ ነበርኩ። ሰዓደት ናት ያስገባችው። ደውዬ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አልኳት፣ በኔ ፓስወርድ ገብታ ጠዋት አደረገችው። እሷን ጠይቃት።"

ሐጂ ዞሩ። "ሰዓደት?"

ሰዓደት ምንጣፉን እያየች "አላውቅም ሐጂ" አለች።

"እንዴት አታውቂም?" አለ ፉርቃን፣ ፊቱ እየቀላ። "አጎቴ፣ ወላሂ በያት። አሁኑኑ ወላሂ ትበል።"

ሐጂ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዱንያ ቀደመቻቸው።

"እኔ ያን ቀን ልምል ስል 'መሐላ አያስፈልግም፣ ስምሽ አለ' ነው ያሉኝ፣ ሐጂ። ዛሬ ያስፈልጋል?"

ሽማግሌው መሐላውን ተዉት። ሰዓደት ዓይኗን ጨፈነች። ዱንያ ወደ ፉርቃን ዞረች። ድምፅዋን ዝግ አደረገች።

"ፉርቃን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በአንድ ሰው ስም ሌላ ሰው ገብቶ መሥራት ይችላል?"

"ይችላል እንጂ፣ ምን ማለት ነው? ፓስወርዱን ካወቀ ማንም ይገባል። ስም አለ ማለት እኮ ሰውየው ነው ማለት..."

እዚያ ላይ ራሱን ሰማ። ሙስበሃው ቆመ።

"ጨርስ" አሉት ሐጂ።

ፉርቃን የመኪና ቁልፉን ወደ ኪሱ ሰደደ።

"ሰውየው ነው ማለት አይደለም ልትል ነበር" አሉ ሐጂ። "ይሄን ያን ቀን ለምን አላልክም? ይቺ ልጅ እዚች ቦታ ላይ ቆማ ፓስወርዴን ፉርቃን ያውቀዋል ስትለኝ አጠገቤ ነበርክ። ለምን አላልክም?"

"አጎቴ፣ ያኛው ሌላ ነው..."

"ምኑ ነው ሌላ?"

ፉርቃን መጀመሪያ ዱንያን፣ ቀጥሎ ሰዓደትን አየ። ዱንያ ያን ፊት ልቅም አድርጋ አየችው፤ ላቡን፣ ከንፈሩን፣ እጁ ኪሱን ሲስተው ሁሉ። አልቸኮለችም።

"ከነገ ጀምሮ ቃሊቲ መጋዘን ትወርዳለህ" አሉ ሐጂ። "ጨርቅ ስታስቆጥር ትውላለህ። አንቺ ደግሞ ልጄ፣ በድዬሻለሁ። ወደ ቦታሽ ተመለሽ፣ ይሄን ቢሮ ያዢልኝ። አባትሽ ዘንድ እኔ ራሴ እሄዳለሁ። ይቅር ካሉኝ ጁምዓን አብረን እንሰግዳለን።"

ይህን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። አባቷ በሌሊት ነቅተው የሚመኙት እሱን ነበር። ሲመጣ ግን ግማሽ ጆሮዋ ብቻ ሰማው፤ ዓይኗ ፉርቃን ላይ ነበር። ቃሊቲ ከወረደ አታየውም። በዓመት አንዴ፣ በዒድ፣ ተላጭቶ ተቀብቶ ይመጣል፣ የሐጂ እጅ ይስማል፣ ይረሳል።

"ፉርቃን አይሂድ፣ ሐጂ" አለች። "እዚሁ ከኔ ጋር ይሥራ።"

ሐጂ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አላህ ይስጥሽ። እንዲህ ያለ ልብ ነው የገፋሁት።"

ዱንያ አላረመቻቸውም። ፉርቃን ግን ገብቶታል፤ በየማለዳው ተነሥቶ እዚህ መጥቶ እሷን ማስፈቀድ ምን እንደሚመስል ከፊቱ ይነበብ ነበር።

"ሌላው ደግሞ" አሉ ሐጂ ሊነሡ ሲሉ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ማንም በማንም ስም አይገባም። ለሁሉም የየራሱን አዲስ ፓስወርድ አድርጊለት። ማን ምን ይንካ፣ ማን አይንካ፣ አንቺው ወስኚ።"

ወደ ሳጥኗ ተመለሰች። ዘጠኙን አጥፍታ ሦስት ጻፈች፣ የተጀመረውንም ግልበጣ አቆመችው። የመብራቷ መርገብገብ ቀዘቀዘ። ትንሽ ቆይቶ ሙስአብ ከታች በስልክ ደወለና "ኧረ መጣ፣ ሙሉው መጣ፣ ምን አድርገሽው ነው?" አለ። ፊት ለፊት ሱቅ የገቡትን የደሴዋን ነጋዴ ለመጥራት መልሷን ሳይጠብቅ ዘጋው።

ከዚያ አዲሶቹን ስሞች ማስገባት ጀመረች። ሰዓደት ከኋላዋ ቆማለች። ሙስአብ፤ ማየትና ማስገባት። የላይኛው ሱቅ ሻጮች፤ ማየትና ማስገባት። ፉርቃን ላይ ስትደርስ ጠቋሚውን አውርዳ "ማየት ብቻ" የሚለው ላይ አሳረፈችው። ሁሉንም ያያል፤ አንዲት ፎቶ እንኳ መጨመር፣ መቀየር፣ ማንሳት አይችልም። ተጫነችው።

"ያን ያህል?" አለች ሰዓደት በቀስታ።

"ያንሰዋል።"

"ዱንያ፣ ዋሽቼ አላውቅም እኮ። ኋላ ዙህር ይደርሳል። ምን ብዬ ነው ታጥቤ፣ ውዱ አድርጌ ለሶላት የምቆመው?"

"አልማልሽም።"

"አልማልኩም። ግን ሐጂ ደግመው ቢጠይቁኝ ምን እንደምል እኔ እንጃ። ሰውየው ክፉ ነው፣ አውቃለሁ። ይሄኛውን ግን አልሠራውም።"

ዱንያ ዞራ አየቻት። ይቺ ሴት ደውላ ያለቀሰችላት ናት። ይህን ታውቃለች። ዛሬ የሆነውን ደግሞ በዓለም ላይ ከእሷ ሌላ አፍ አውጥቶ የሚናገርና የሚታመን ሰው የለም፤ ይህንንም አሁን ገና አወቀችው። ፍርሃት ቂሙ በነበረበት ቦታ ተቀመጠ።

ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። የቀረው ስም የሰዓደት ነው። ሰዓደት ቀኑን ሙሉ ሰነድ ስታስገባ የምትውል ሰው ናት፤ ማስገባት ከተዘጋባት ለእያንዳንዷ ወረቀት ዱንያን መጠየቅ አለባት፣ ዱንያም ቀኑን ሙሉ ከዓይኗ አታጣትም። ጠቋሚው "ማየትና ማስገባት" ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አንድ መስመር ወረደ።

"ለጊዜው ነው" አለቻት ዱንያ፣ ሳትዞር።

"እሺ" አለች ሰዓደት፤ ፉርቃን ሲያዛት እሺ በምትልበት ድምፅ።